ሰባት ዶላር ከሃምሳ

ጥር በገባ በሁለተኛው ሰኞ፥ በረዶው ደጅ ተከምሮ፥
አንዲት ሴት ትመጣ ነበር፥ ሻርፗ እስካፍንጫዋ ታስሮ፤
ጓንቷን በጥርሷ ስባ፥ ከቦርሳዋ አውጥታ፥
ሰባት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም፥ አንድ ባንድ ለይታ፥
«የዌስትክሮፍት እግር ኳስ ክለብ ይታደስልኝ» ትላለች።

እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፥ ሥራዬ ማኅተም መምታት፦
ለውሻ ፈቃድ፥ ለጋብቻ፥ ለውሃ ጉድጓድ፥ ለሞት።
«ቡድኑ የት ይጫወታል?» አልኳት በመጀመሪያው ዓመት።
«ከሠላሳ አንድ ወዲህ አልተጫወተም።»
መታሁላት። ደንቡ ስለ ትንፋሽ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ጥር መዝገቡን አመጣች፥ ቆዳው የተላጠ፤
የአባቷ የኢኖክ ዋርድል ጽሕፈት፥ እንደ ድር የቀጠነ፥ ያልተናወጠ።
ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ፥ የጥጥ ፋብሪካው ሲያጓራ፥
አሥራ አንድ ሰው ተቀጠረ፥ በወረቀት ለሽመና ሥራ።
ላክላን ቤርድ ከግላስጎው፥ መወርወሪያ ነክቶ የማያውቅ፥
ደመወዙ ግን ከሸማኔ በሁለት ዶላር የሚልቅ።
ኦኔዚም ቲቦ ከኩቤክ፥ በረኛ፥ ባለ ስምንት ጣት፤
ሁለቱን ማሽን ወስዶበታል፥ በልጅነቱ፥ አንድ ሌሊት።
«ምን ጎደለኝ?» ይል ነበር፥ «ኳሷ አንድ ናት!»
አማዴው ፉርታዶ ከአዞረስ፥ ግራ እግሩ ቅኔ ዘራፊ፥
ቀኙ ለመቆሚያ ብቻ፥ የወንድሙ ደጋፊ።

«ለኳስ ማሰሪያ ስምንት ሳንቲም። ለሎሚ አሥር። ለወጌሻ አንድ ዶላር።
ለዳኛው፥ መመለሻ ባቡር።»
ጎኑ ላይ በእርሳስ፦ «አይገባውም ነበር።»

በሃያ አራት ለዋንጫ፥ ብረት አቅላጮቹን የገጠሙ ዕለት፥
አራት ሺህ ሰው ያላት ከተማ ስድስት ሺህ ትኬት ሸጠችበት።
ዋርድል ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ከቁጥሩ ግርጌ፦ «እውነት።»

በሃያ ስምንት፥ በሚያዝያ፥ ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ዋለ፤
ባለ ፋብሪካው ውሉን ዘረጋ፤ «ሸማኔ ይላል፤ ግቡና ሸምኑ» አለ።
አሥሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።
ቤርድ ገባ። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ አራተኛው በሆድ።
በቅዳሜው ጨዋታ፥ ኳስ በነካ ቁጥር፥
ሕዝቡ ጀርባውን ሰጠው፤ ሳይሳደብ፥ ሳያፏጭ፥ እንደ አጥር።
«ቤርድ፥ የባቡር ትኬት፥ መሄጃ ብቻ» ይላል መዝገቡ።
ከዚያ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ማሽኑን ነቅሎ
ወደ ደቡብ ወረደ፥ ርካሽ እጅ አለ ተብሎ።
የመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ለሁለት፥ ሳያልቅ መሸበት፤
የበር ገቢ አሥራ አንድ ዶላር፤ የአምፖል ዕዳ አሥራ ስድስት።

«እንግዲያ ከዚያ ወዲህ ማንም አላሸነፋችሁም!» ብላት
ሳቀች፤ ለካ አንድ ጥርሷ ወርቅ ኖሯል።
ሜዳው ዛሬ የጎማ መሸጫ ነው፤
ፍጹም ቅጣት ምት ይመታበት የነበረው ነጥብ ላይ
የመኪና ማንሻ ተተክሏል።

«ክለቡ ከፈረሰ ዕዳውም አብሮ ይፈርሳል» አለችኝ፥ ላቪኒያ ዋርድል፤
«አባቴ ደመወዛቸውን ሳይጨርስ ነው ዐይኑን የከደነ።»
በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ደመወዟ፥
ልጅ ካጣች የልጅ ልጅ፥ ከተማ ለከተማ እያጠያየቀች፥
ቲቦን ሰረዘች፤ ፉርታዶን ሰረዘች፤ በቀይ ቀለም፥ በማስመሪያ።
በመጨረሻ አንድ ስም ቀረ፦ ቤርድ፥ አሥራ ስምንት ዶላር።
«ለእሱም?» አልኳት።
«ተጫውቷል እኮ» አለች፥ ጓንቷን እያጠለቀች።

ዘንድሮ ሁለተኛው ሰኞ መጣ። ሦስተኛውም።
በአራተኛው መዝገቡ በፖስታ ደረሰኝ፥ ያለ ደብዳቤ።
ከኪሴ ሰባት ዶላር ከሃምሳ ቆጠርኩ፤
ማኅተሙን መታሁ፤ ደረሰኙን
ከዚያ ከግማሽ ባዶው ገጽ መሐል አስገባሁ።

ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤
የውሻ ፈቃድ ፈልጎ ነው።
ውሻውም አብሮት ቆሟል፥ በረዶ ከጀርባው እያራገፈ።