ሠላሳ አምስት ሌሊት

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃዬ ወረደ፤
«ታላቅ ወንድሙ ነው፣ መንገድ የቀደደ»
አለች አዋላጇ፣ ምቦክ ዋጊየም፤
ስንቱን ተቀብላለች፣ አንዱንም አትረሳም።
ቀጥሎ ልጄ መጣ። ከዚያም ሞቃት፣ ቀይ፣
የእንግዴ ልጁ። «ታናሹስ፣ እሱ ልጅ አይደል ወይ?»

ባሌ ፓርዲዮ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣
ጣቱ ናፍጣ የሚሸት፣ ጥፍሩ ሁሉ ጥቁር፣
ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኑን የሚጨፍን፣
ተንበርክኮ አጠበው እንደ አራስ ሕፃን።
በሸክላ ማሰሮ፣ ጨው ከመርፌ ጋራ፣
ከደጃፉ በስተቀኝ ቀበረው፤ ፋኖስ አበራ።
ሠላሳ አምስት ሌሊት አይጠፋም አሉ።

እኔ በሱራባያ ነርስ ሆኜ ሳገለግል
በባልዲ ስደፋው የኖርኩ ነኝ፤ ምን ልበል?
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በዘጠነኛው ሌሊት ጎርፍ ሆነ ዝናቡ፤
ልጄ ጡቴን ይዞ ተኝቷል፤ አባቱ የለም ካጠገቡ።
በመስኮት አየሁት፦
ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ፣
ጃንጥላውን ለፋኖሱ ይዞ፣
እሱ በስብሶ፣
በለሆሳስ ያወራል፦
«አይዞህ። ወንድምህ ጠግቦ ነው የተኛው።»

ፋኖሱ ጭል ጭል አለ፣ ጠፋ።

ክብሪቱን፣ እንዳይረጥብ፣ ጡቶቼ መሃል ሸጉጬ
ወጣሁ።