የሁለት ወር ደብተር

ራሴን አመመኝ ብዬ፣ ሳቢያን ጤና ጣቢያ ብሄድ፣
ክኒን ስጠብቅ ደብተር ሰጠችኝ፣ ሲስተር ኢፍቱ መሐመድ።
«ሲያምሽ ብቻ አይደለም» አለች፤ «ሳያምሽም ጻፊልኝ፤
ከማመሙ በፊት የነበረውን፣ ያሰብሽውን ንገሪኝ።»
ቅር አለኝ። የሚያመኝ እዚህ ነው፣ ከግራ ቅንድቤ በላይ፤
ሐሳቤን ምን አገባው? ውሸቴን መሰላት ወይ?

ግን ጻፍኩ።

እሑድ፦ መጣ። እንደ ባቡር ጋራዥ መዶሻ፣
ሳይቸኩል መታኝ፣ ከጠዋት እስከ ማምሻ።
ሰኞ፦ ታይዋን፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሒሳብ ስዘጋ
ሰባት ብር ጎደለኝ። በልቤ ስቆጥረው አደርኩ፣ እስኪነጋ።
ማክሰኞ፦ አልመታኝም። ግን ይመታኛል ብዬ
ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ፣ መጋረጃ ጥዬ።
ረቡዕ፦ የመክያ ልጅ ሰርግ። ከበሮ ይኖራል ብዬ ቀረሁ።
ሐሙስ፦ ስለቀረሁ አዘንኩ፤ ስላዘንኩ አመመኝ፤ ስላመመኝ ደግሞ ፈራሁ።
ዓርብ፦ ልጄ ሐምዲያ በሩን ስትዘጋ አየኋት፣
እንደ ሌባ፣ በጣቶቿ ጫፍ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ይሄን ማን አስተማራት?
(እኔ።)

ቤታችን ደቻቱ ዳር ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ፣
ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፣ ግመል የሚያልፍበት ፀሐይ ስትጠልቅ።
ጎርፍ የሚያመጣው ዝናብ እዚህ አይዘንብም፤ ደንገጎ ላይ ነው ደመናው፤
ሰማያችን ጥርት ባለበት ሌሊት ነው የሚመጣው።
እናቴ አንድ ጊዜ አይታዋለች። አንድ ጊዜ።
ከዚያ ወዲህ ግን ደንገጎ በጠቆረ ቁጥር፣ ሳጥኗን አዝላ፣
ጣሪያ ላይ አድራለች፣ ያልመጣ ውሃ ስትሸሽ፣ እራቷን ሳትበላ።
ወገቧን የሰበረው ጎርፉ አይደለም፤ ሳጥኑ ነው።

ደብተሩን ዛሬ ደመርኩት። አሥራ አንድ ቀን አሞኛል፣ በሁለት ወር ውስጥ፤
ሃያ ስድስት ቀን ፈርቻለሁ፣ ከራሴ ስደበቅ፣ ከራሴ ሳመልጥ።
ሲስተር ኢፍቱ ሁለቱ ቁጥሮች ላይ ጣቷን አኖረች፤
«የቱ ከበደሽ?» አለችኝ። ዝም ስል፣ ቀጣዩን ካርድ ጠራች።

ቅዳሜ፦ ጀመረኝ፣ ያው ቅንድቤ ላይ፣ አሥር ሰዓት ገደማ።
መጋረጃውን ልጥል ስነሣ፣ ሐምዲያ በሩን ይዛ ቆማ፣
ፊቴን ታነባለች።
«ዝጊው» አልኳት፤ «እንደ ልብሽ፤ ይጩህ!»
ጓ!
አመመኝ። ያመመኝን ያህል ብቻ።
ደግማ ከፈተችው።