ቤት ያልነው ከረጢት

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
መስኮት ያልገባለት ብሎክ የቆመበት፣
እሑድ ከሰዓት ላይ ሜዳ እንሠራለን፤
ጎማ፣ ጀሪካን፣ ጣሳ ጥግ ጥግ እንጥላለን።
ጨዋታው ቤዝቦል ነው፤ ጉርሜሳ በስልኩ አይቶ
ያስተማረን፣ ሕጉን ግማሹን ረስቶ።

አራተኛው ማዕዘን የሲሚንቶ ከረጢት፣
እሱን ነው እኛ የምንለው ‹ቤት›።
(እናቴም ቤት ብላ የተመዘገበች
የዛሬ ስንት ዓመት፤ ዕጣ ትጠብቃለች።)

ዱላችን አጣና፣ ከመወጣጫ የተረፈ፤
ኳሷ የዘበኛ ካልሲ፣ ልቧ የብረት ዳዶ፣
ስትበር ታፏጫለች፣ ይሰማል እስከ ማዶ።

ወርዋሪዋ ለሊሴ።
ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጡብ ትወረውራለች፣
ከመሬት አንሥታ ሁለተኛ ፎቅ ታደርሳለች፤
ግንበኛው ሳያያት እጁን ይዘረጋል፣
ጡቧ እንደ ለመደች ወፍ መዳፉ ላይ ታርፋለች።
እሑድ ያንኑ ክንድ
እኔ ላይ ታዞራለች።

ከኋላዬ ጉርሜሳ፣ የበያጅ ጓንት አጥልቆ ተንበርክኮ፤
‹አትነካትም› ይለኛል፣ ድምፁ በጆሮዬ ሾልኮ።

የመጀመሪያዋን አላየኋትም።
ጓንቱ ውስጥ ጧ! ስትል ነው ማለፏን የሰማሁት።

ሁለተኛዋን ጫፏን ነካሁ፤ ወደ ጎን ሄደች፣
የአሸዋ ክምር ውስጥ ገብታ ተቀበረች።
አምስት ልጅ በእጁ ቆፍሮ አወጣት።

የሰው ክንድ ሳይወረውር ትከሻው ይናገራል፤
የሷ ዝም ይላል።
ጡብ ሲወረወር የሚያወራ ትከሻ ሰው ይገድላል።

ሦስተኛዋ መጣች።
መጣች፣ ሰፋች፣ መንገድ ላይ
— እንዴት ልበል — ሁለት ሆነች፤
ፕላስተሩ ተፈታ፣ ካልሲው ጅራት አወጣ፣
ዳዶው ለብቻው ልብሱን ጥሎ ወጣ።
ሰነዘርኩ።
መታሁ!
ካልሲውን።
ካልሲው በርሮ የአጥር ሽቦ ላይ ተሰቀለ፣
ዳዶው ጓንት ውስጥ ገብቶ ‹ቂል› አለ።

‹ሰሙን መታ፣ ወርቁ አለፈው!› ጮኹ ጋሽ ዘርጋው፣
ጡረተኛው መምህር፣ የእሑዳችን ዳኛው።
ግማሹ ‹ወጥቷል!› ይላል፣ ግማሹ ‹ሩጥ! ሩጥ!›

ሮጥኩ።
ጎማውን ረገጥኩ፣ ጀሪካኑን ረገጥኩ፣
ጣሳውን ዞሬ ወደ ቤት ስመለስ
ከረጢቱን አንሥቶ ይዞት ይሄዳል ነፋስ።
ቤት ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ፣
ብሎኩ ሥር ደረስኩበት፤
በሁለት እግሬ ቆምኩበት።

‹ገብቷል› አለች ለሊሴ፣
ካልሲውን ከሽቦው አውርዳ ዳዶውን እየጠቀለለች፣
ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች።
‹ብቻ ቤቱ ላይ
ድንጋይ ጫኑበት።›