በብዙኃኑ ኅ

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጓዳ፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ የሰው ፍቅር ላርም፣ የሰው ስሕተት ላጸዳ፣
በገጽ እየተከፈለኝ፣
ዛሬ የመጣው ረቂቅ የማን እንደሆነ ሽፋኑ ነገረኝ።

የልሳነወርቅ ነው።
ልቦለድ። የፍቅር። አራት መቶ ገጽ።
ሰባት ዓመት ጠፍቶ፣ እንዲህ ብሎ ሊገለጽ።

ምዕራፍ አንድ ላይ ወንዝ ነኝ፤
ሁለት ላይ የቆላ ነፋስ፤
ሦስት ላይ ሚዳቋ፣ ከገደል ገደል የምትደርስ።
ቁመቴ የጥድ ነው፣ ጠረኔ የዝናብ አፈር፣
ስሜም ለምለም ሆኗል፤
ትውልዴ ሸለቆ፣ ማር የሚያፈስ አገር።

እኔ ሚዳቋ የማውቃት
ሳይንስ ፋኩልቲ ነው፣ ከመስተዋት ጀርባ፣ በጭድ ተሞልታ፣
አንድ ዐይኗ ወልቆ፣ በዐይኗ ጉድጓድ ላይ አዝራር ተሰፍቶላት።
የተወለድኩትም
በእሪ በከንቱና በዶሮ ማነቂያ መካከል ነው፤
የሰፈሬ ስም ብቻ ልቦለድ ይወጣው ነበር፤
እሱ ሸለቆ አማረው።

ወንዝ ካልከኝ፣ እሺ። ወንዝማ አውቃለሁ።
ግንፍሌን ከድልድዩ ቆሜ ስንት ክረምት አይቼዋለሁ፦
ጎርፍ ደርሶበት ሲያገሳ፣ ጎማና ፍራሽ አዝሎ፣
የማን እንደሆነች ያልታወቀች
አንዲት ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ አንጠልጥሎ።
በበጋ ደግሞ ክር አክሎ፣
በሳሙና አረፋና በጋራዥ ዘይት ተለውሶ፣
እየተሽሎከለከ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ተኮላሶ።
ይህን ወንዝ ብትለኝ ኖሮ «እኔ ነኝ» እል ነበር፤
የሰው ጣጣ ሁሉ ጀርባው ላይ ሆኖ፣
የሚሄድ፣ የማያድር።
አንተ ግን የጻፍከው የጠራ ውሃ ነው፣ ጠጠሩ የሚታይ፤
ጎንበስ ብለህ ፊትህን ነው ያየኸው እዚያ ላይ።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው።
ፀሐይን በፀሐዩ ፀ አቃናሁ፣ ሰማይን በእሳቱ ሰ፤
ጨረቃዋ ሥር የጎደለ አራት ነጥብ ነበር፤ እሱም ተመለሰ።
«እንደ አደይ አበባ» አምስት ጊዜ ገባ፤
ሦስቱን ከበብኩና ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ ተደጋጋሚ።

ምሳ ሰዓት ወረድኩ።
የታክሲው ሰልፍ ተጠማዞ ቆርቆሮ አጥሩን ዞሯል፤
አንዱ ስልኩን ይሳደባል፣ አንዲት ልጅ ደብተሯን ጃንጥላ አድርጋለች፣
ካፊያው ሁሉንም እኩል ይነካል።
ማንም በምንም ያልመሰለው ሕዝብ።
ከመሐሉ ገብቼ፣ ሳምቡሳ ገዝቼ፣
ቅባቱን በቀሚሴ ጠርጌ ተመለስኩ።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።
ከታች አራተኛው መስመር።
ዛፍ የለበትም። ወፍ የለበትም። አንዲት ዳመና እንኳ አልነበረም።
«ህሪት ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
አንብባ ስትጨርስም ጣቷን ገጹ ላይ ትረሳዋለች።»

እጁ ስቶ ነው። ለምለም ማለት ነበረበት።
መጽሐፉን ሙሉ ሲያለመልመኝ የኖረ ሰው
እዚህ ጋ ደከመውና
አየኝ።
ከንፈሬን ነካሁት።
እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ የገጸ ባሕርይ ስም ከዳር እስከ ዳር አንድ ይሁን፤
ሰርዞ «ለምለም» ማለት ነው፣ ፈርሞ ማለፍ፤
ማን ይጠይቃል ሌላውን።
እስክሪብቶው ክዳን አልነበረውም፣ አውራ ጣቴን አቅልሞታል።
ቁጭ አልኩ።
ታች ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፣
ፒያሳው ግማሹ የለም፣ እሱ ግን ይጣራል።

ስሜን አልሰረዝኩም።
ፊደሏን ብቻ አረምኩ፦
ሃሌታው ሄደ፣ ብዙኃኑ ገባ።
አባቴ ቀበሌ ቆሞ፣ መታወቂያዬ ሲጻፍ፣
«በብዙኃኑ ኅ! በብዙኃኑ!» እያለ ከጸሐፊው የተጣላባት፣
ሰልፈኛው ሁሉ የሳቀባት፣
ያቺ ፊደል።
ኅሪት።

ፈረምኩ። ገጹን ገለጥኩ።
በሚቀጥለው ገጽ ላይ እንደገና ወንዝ ነበርኩ።