ጅቡ ከስድስት ይጀምራል

ሥራዬ ቁጥር መልቀም ነው፣ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ፣
ከሳሙና በር ቁልቁል፣ እስከ ወንዙ፣ እስከ አንገረብ።
ውሻው ያውቀኛል በጠረን፣ ሰዉ ያውቀኛል በደረሰኝ፤
"ውሃ ሳይመጣ ምን ቆጠረ?" ይሉኛል፤ ለእኔስ ማን ነገረኝ?

ማታ ግን፣
ቧንቧው በሳምንቱ እስኪያስል፣ ባልዲ ደርድሬ ስጠብቅ፣
ጣቴ ሥራ መፍታት አያውቅ፤
ኪሮሹ ከኪሴ ይወጣል፣ ክሩ ጉልበቴ ላይ ይንከባለላል፣
ቀን የቆመው ቆጣሪ ሁሉ፣ ሌሊት እጄ ላይ ይዞራል።

እግሬ ተሰብሮ የተኛሁ ክረምት ነው ያስተማረችኝ እህቴ አንጓች፤
"ጣራ ከምትቆጥር፣ ዙር ቁጠር" አለች።
"ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ?" ላለኝ፣ "ሸማኔውስ ወንድ ነው" እላለሁ፤
አሁንም ካልገባው ደግሞ፣ ለልጁ ጥንቸል እሰጣለሁ።

ጥንቸልማ ማንም ይሠራል። ድቡም ቢሆን የሰው ንድፍ ነው፤
ድብ ጎንደር መቼ አለና? እኛን ሌሊት የሚጠራን ሌላ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ምናሴ፣ አራት ዓመቱ፣ እንቅልፍ የለው፤
ጅቡ ከወንዙ ማዶ ሲጮህ፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ ነው የሚያድረው።
አንድ ማታ ባልዲዬ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፤
"ጅብ ሥራልኝ" አለ፣ "እኔን የሚፈራ" — ይህን ብቻ ብሎ።

ለጅብ ማን ንድፍ አውጥቶ ያውቃል?
ደብተሬን ገለበጥኩ። ከንባቡ ጀርባ ጻፍኩ፦
ስድስት። ቀጥሎ አሥራ ሁለት። ቀጥሎ አሥራ ስምንት።
በየዙሩ ስድስት ሲጨመር፣ ክቡ ይተኛል ጠፍጣፋ፤
ጭማሪውን የተዉ ዕለት ይጎብጣል፣ እንደ ጉንጭ ሊነፋ።

የመጀመሪያው አህያ ሆነ። ጆሮው ረዝሞ፣ ፊቱ አዝኖ፣
ጅብ ላድርግህ ያልኩት ፍጥረት፣ ቁጭ አለ የጅብ እራት ሆኖ!
ተረተርኩት። ክር ሲተረተር ይኮማተራል እንጂ አይሞትም።
ሁለተኛው ውሻ ወጣ፤ ደግ ነው፣ ግን ጅብ አይሆንም።
ሦስተኛውን አላወራም።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ባልዲው ባዶ፣ መብራቱ ሄዶ ተመልሶ፣
በበሩ ስንጥቅ አየሁት፣ የቆሻሻ ገንዳ ሲያሸት አጎንብሶ፤
ትከሻው ከፍ ያለ፣ ዳሌው ዝቅ፣ ወገቡ ቁልቁል የወረደ፣
ልክ እንደ ሰፈራችን መንገድ፣ ከላይ ጀምሮ የተናደ።
ለካ ስህተቴ እግሩ ነበር! አራቱን እኩል ቆጥሬ፤
እግሩ እኩል የሆነ ጅብ፣ መቼ ታይቶ በአገሬ?

በጨለማ ጻፍኩት፦
የፊቱ፣ አሥራ አራት ዙር። የኋላው፣ ዘጠኝ።
"ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል" — ተረቱ ነው ልኩን የሰጠኝ።
የእኔው ጅብ ጥርስ አልተነደፈለትም፤ አፉ በአንድ ክር ተሰፋ፣
ዕድሜውን ሙሉ ሊያነክስ ነው፤ ንክሻው የትም ጠፋ።
ለነጠብጣቡ ክር ሲያልቅብኝ፣ የአንጓችን ሹራብ እጅጌ ፈታሁ፤
(ገና አላየችም። እስክታይ ድረስ፣ ዝም ብዬ እፈራለሁ።)
ሆዱ ጥጥ ነው፤ መሃሉ ግን የተሰረዘ ደረሰኝ፣
ሲጨብጡት ይንኮሻኮሻል። ዕዳ የበላ ጅብ ነው፤ ማን ይጠይቀኝ?

ምናሴ አየው፤ አገላበጠው፤ "ያነክሳል" ብሎ አዘነለት።
ጅብ በማያውቁት አገር "ቁርበት አንጥፉልኝ" ይላል አሉ፤
ይሄኛው ምንም ሳይል፣ ያችኑ የተነከሰች ብርድ ልብስ አነጠፈለት።

ሌሊቱን ከአንገረብ ጮኸ። በግድግዳው ሰማሁ ምናሴን፣
"አይዞህ፣ እናትህ ናት፤ ነገ ይሠራታል" ሲል፣ ማንም ሳይጠይቅ እኔን።

ይሁን። እናት ትልቅ ናት፤ ልኳ እንደ አዲስ ይሰላል፤
ስድስት። አሥራ ሁለት። ቧንቧው አሳለ በዚህ መሃል፤
ቆጣሪዬ ዞረ፣ በመጨረሻ፤ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል።

ይቆየኝ።
አሥራ ስምንት ላይ ነኝ።