ምራቂ

በሰኔ መረቁኝ፤ ካባ አከራይተውኝ፣
በፊደል ተራዬ መሐል አስቀምጠውኝ፤
“ማኅደር!” ሲሉ ወጣሁ፣ ተቻኩዬ ሄድሁኝ፣
ባዶ ማኅደር ሰጡኝ።
“ወረቀቱ ኋላ በፖስታ ነው” አሉኝ።
ሳቄ መጣ እዚያው፤
ለማኅደር ማኅደር፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ያደግሁት ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሳርጀንት ጎዳና፣
በአንድ እጄ ስመዝን፣ በሌላው ሳጠና።
አክስቴ አስካለ ግን ሚዛኑን አታምንም፤
ዋጋው ታትሞ ወጥቶ፣ ተለጥፎም ቢሆንም
ከጆንያው ትዘግናለች፣ ከላይ ትጥላለች፣
“ይቺ ምራቂ ናት፣ ተባረክ” ትላለች።
ከሒሳብ የሌለ፣ ደረሰኝ የማያውቀው፣
ጭብጥ ሙሉ ምስር፣ ማንም ያልጠየቀው።

በመስከረም እኔም ዳግም ተመረቅሁ፤
ከሁለት ሰው ሥራ ላይ ሦስተኛ ሆኜ ወደቅሁ።
ዶሪን ፍሪሰን አለች፣ ሠላሳ ዓመት በድልድይ ሥር፣
ሬሚ አለ፣ መሰላል ይዞ የሚያንጎራጉር፣
እኔም አለሁ፣ ባትሪ ያዥ፣ አንገቴን ስሰብር፣
አዲስ ቦት ጫማዬ በየደረጃው ሲንቋረር።
በስብሰባ መሐል ሦስት ፊደል ጥለው ይስቃሉ፤
እኔም እስቃለሁ፤
ማታ ቤቴ ገብቼ ትርጉሙን እፈልጋለሁ።

ኮሌጅ፣ መልሱ ነበር ከመጽሐፉ ጀርባ፤
መንገዱ ከቀና፣ ስሌቱ ከገባ፣
ግማሽ ነጥብ አለ፣ ውጤቱ ቢዛባ።
ድልድይ ግማሽ ነጥብ ለማን ሰጥቶ ያውቃል?
ወይ ቆሞ ያሳልፋል፣ ወይ ደግሞ ይወድቃል።
በመጀመሪያ ሪፖርቴ “ይመስላል” በዝቶ ነው
ዶሪን በቀይ ብዕር ዘጠኙን ሰረዘችው።
“አይተሻል? አየሁ በይ። አላየሽም? እሱንም።
መመሳሰል፣” አለች፣ “መኪና አይሸከምም።”

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው፤ የቀዩ ወንዝ ጠርዙ
በረዶ ያዝ አድርጎት፣ ጣቶቼም ደነዘዙ።
መዶሻ ሰጡኝና፣ “ምሰሶውን አንኳኪ፣
ከኮፍያሽ ጆሮ አውጪ፣ የሰማሽውን ለኪ።”

“ባዶ ዕቃ ይጮኻል” ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
ለዚህ ነው ሰው ፊት አፌን የያዝሁት፣
ዝምታን ለጨዋ፣ ለሙሉ የሰጠሁት።
ኮንክሪት ግን፣ ለካ፣ ተረቱን አልሰማው፤
ጤነኛው ይጮኻል፣ የጠራ ድምፅ አለው፤
ውስጡ የላላው ነው ሲመቱት ዝም የሚለው።

ኳ። ኳ። ኳ። ኳ። ዱፍ።
እጄ ቆመ። ደገምሁ። ኳ፣ ኳ፣ ዱፍ።
ዶሪን አልፋዋለች፣ አንድም ምልክት ሳትጽፍ።

ሠላሳ ዓመት የት፣ ሁለት ወር የት? አልሁ።
ምናልባት ጓንቴ ነው። ምናልባት ብርዱ ነው።
መስሎኝ ነው ልል ስል
ቀዩ ብዕር ታየኝ፣ ቃሌን ሲሰርዘው።

“ዶሪን!”
ድምፄ ከድልድዩ ሆድ ተላትሞ
ከእኔ ገዝፎ መጣ።
“እዚህ ጋ አይጮኽም።”

ተመለሰች። ጎንበስ አለች። መታችው።
ጆሮዋን አስጠግታ ደግማ መታችው።
አላመሰገነችኝ፣ አልተቆጣችም፤
ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ
ለእኔ አቀበለችኝ።
“ክበቢው፣” አለችኝ፣ “በስምሽ ነው፣ ጻፊ።”
ሬሚ ከመሰላሉ ላይ አፏጨ።

ያን ሌሊት ሁለት ገጽ ጻፍሁ።
“ይመስላል” አንድም የለበት።
ሁለት ቦታ ግን “አልደረስሁበትም፤ አላውቅም” ይላል፤
አራት ዓመት ሙሉ
ከመምህር ስደብቃት የኖርኋት ቃል
ከስሜ በላይ ተቀምጣ አደረች።

ቅዳሜ ሱቅ ሄድሁኝ። አክስቴ መዝና፣
ደግሞ ለምራቂው እጇን ሰደደችና፣
“ቆይ፣ ይኼንን፣” አልኋት፣ “ሚዛን ላይ አድርጊው፤
ስንት እንደሚመዝን አንድ ጊዜ ልየው።”
ሳቀች። “ምራቂ እኮ አይመዘንም፣ ልጄ፤
ከመዘንሽው ዕቃ ነው።”
ግን አደረገችው።
ቁጥሩ ተርገበገበ፣ ተርገበገበ፣ ቆመ፦
ስድሳ ሁለት ግራም።
ሁለታችንም ትንሽ ዝም ብለን አየነው፤
እሷ ከዚያ ላይ፣ ሳትመዝን፣
ሌላ ጭብጥ ጣለችበት።

ወረቀቱም መጥቷል፣ ዘግይቶ፣ ሰኞ ዕለት።
ማኅደሩ ውስጥ ገና
አላስገባሁትም።