ራን

ከመጨረሻው ፌርማታ አልፎ፣ ቱሉ ዲምቱ ጥጉ ላይ፣
ልስን ያልነካው ምድር ቤት፣ የሚያንጠባጥብ ከላይ፣
እዚያ ነው እንግሊዝኛ ማታ ማታ የማስተምር፤
ወንበራችን ብሎኬት ነው፣ ሰሌዳችን የክፍሉ በር፤
ከማጠፊያው ነቅለን ግድግዳ እናስደግፈዋለን፣
ስንጨርስ መልሰን እንገጥመዋለን።

ዛሬ አንዲት አጭር ቃል ጻፍሁ፣ ሦስት ፊደል ብቻ ያላት።
«ራን» አልሁ። «መሮጥ!» አሉ ባንድ አፍ፣ ከድሮ እንደሚያውቋት።
«ደግ። ግን አፍንጫም ይሮጣል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው።»
«እግር አወጣ እንዴ?» አለች ባንቺአየሁ፤ ሳቋ ክፍሉን ነቀነቀው።
«ቧንቧም ይሮጣል።» «የኛማ ሽባ ነው፣ ከሰኞ ወዲህ መች ተነሣ!»
«ሱቅም ይሮጣል፣ ባለቤቱ ጠግቦ ወንበሩ ላይ ሲያገሣ፤
ሞተርም፣ ወሬም፣ ትኩሳትም፣ ለወንበር የሚወዳደር ሰውም፤
ስስ ካልሲ ሲተረተር እንኳ መሮጥ ነው፣ ከእግር ባይወርድም።»

የሺጥላ፣ የመብራት ገመድ ሲጎትት የዋለው፣ ደብተሩን ከደነ፤
«ይሄ ምኑን ቃል ሆነ?
ፌስታል ነው እንጂ፣ መምህርት። ጧት ሽንኩርት ይያዝበታል፣
ማታ የቤት ካርታ ይቋጠርበታል።»
ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ከኋላ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ዱላውን በጉልበቱ አቅፎ፣
የሕንፃው ዘበኛ ጉርሜሳ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ጽፎ ጽፎ፣
እጁን አነሣ።
«የእናንተስ ‹ወጣ›?

አማርኛ የያዝሁት ጎልምሼ ነው፣ ከቀያሾች ጋር ስውል።
ፀሐይ ወጣ ሲሉ ገባኝ፤ ቀላል።
ዳገት ወጣ፣ ጥርስ ወጣ፣ ለሕፃኑ ስም ወጣለት፤
እሺ፣ ይህም ይሁንለት።
አንድ ቀን ዕጣ ወጣ አሉ። እልልታው ወንዝ ተሻገረ፤
ሰው መኪና ላይ ቆሞ ጨፈረ።
በሳምንቱ ‹ያንተም ስም ወጥቷል› አሉኝ፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ፤
ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ሄድሁ፣ የደረሰኝን ላይ።
የወጣው፣ ‹ውጣ› የሚል ነበር።»

ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል።
የተቀመጥንበት ብሎኬት ድንገት ቀዘቀዘ።
ከሥሩ የማን ሽምብራ እንደነበር ለመጠየቅ
የማንም አፍ አልታዘዘ።

እጄ ግን ጠመኔ ይዟል፤ የመምህር እጅ አያርፍም፤
ከ«ራን» ጎን «አውት» ጨመርሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
«ቃል በቃል፣ ሮጦ ወጣ ነው» አልሁ፤ «ትርጉሙ ግን፣ አለቀ።»
ጉርሜሳ እርሳሱን ላሰ፤ ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ደግሞ ፋቀ።
«እኔ አልሮጥሁም» አለ።
ቆየት ብሎ፣ «አላለቅሁምም።»

ሦስት ሰዓት ሞላ። ባትሪውን አበራልን እስከ አስፋልቱ፤
ተመልሶ በሩን ብቻውን ገጠመው፣ ሳይጠፋ ጽሕፈቱ።
ዞር ብዬ አየሁ፦ ሁለቱ ቃላት፣ በጨለማው ላይ ነጭ ነጭ፣
እንደ ዘበኛ ቆመዋል፣ ፊታቸው ወደ ውጭ።